ጥያቄ፦ የዴንማርክ መኳንንት ናት የተባለች ወይዘሮ ስዕል ቤታችን አለች፣ ምን እናድርጋት?

ሚሚ_ፒያሳ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ስዕል የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ቤታችን የአንዲት ፈረንጅ ወይዘሮ ስዕል አለ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አብሮት ይሠራ ከነበረ ዴንማርካዊ ነው ያገኘው። ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ ወደ ሀገሩ ሲመለስ እሱ ጋ ቀረ። እናቴ ገዝቶት ነው ትላለች፣ አጎቴ ስጦታ ነው ባይ ነው። ሁለቱም የሚስማሙት ሰውዬው "የ1800ዎቹ የዴንማርክ መኳንንት ናት" ይል እንደነበር ነው። ከዚያ በላይ የሚያውቅ ቤታችን ውስጥ የለም። አሁን የፒያሳው ቤት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ስለገባን ዕቃ እየቀነስን ነው፣ እና ክርክሩ እሷ ላይ ደርሷል።

ላስረዳችሁ። ስዕሉ ትልቅ አይደለም፣ ቁመቱ ክንድ ቢሆን ነው። ሴትየዋ ከወገቧ በላይ ነው የምትታየው። ወጣት ናት። ፀጉሯ መሀል ለመሀል ተከፍሎ ጆሮዎቿ ጋ ተጠቅልሏል፣ አናቷ ላይ ደግሞ ተጎንጉኖ ቆሟል። ቀሚሷ ጥቁር አረንጓዴ ሐር ነው። እጅጌው ከትከሻዋ ጀምሮ በጣም የተነፋ ነው፣ ክርኗን ሲያልፍ ይጠባል። አንገቷ ላይ ምንም የለም። ዘውድ የለ፣ ካባ የለ፣ ከኋላዋ ያለው ባዶ ቡናማ ግድግዳ ነው። ደረቷ ላይ በግራ በኩል ብቻ በሪባን የተንጠለጠለች ትንሽ ነገር አለች፣ መስቀል ትሁን ሜዳሊያ ከጥቁረቱ የተነሳ አትለይም። ፊቷ ትንሽ ዞር ብሏል፣ ዓይኗ ግን እኛ ላይ ነው። እናቴ "ለምን ቀጥ ብላ አታየንም" እያለች ሁሌም ትጠይቃለች።

በእጅ የተሳለ ይሁን ህትመት ቤት ውስጥ ሆኜ በምን አውቃለሁ? መኳንንት ከሆነችስ ለምን ምንም አላደረገችም? የእኛ መኳንንት ሲሳሉም ሆነ ፎቶ ሲነሱ ካባው፣ ጥልፉ፣ አጃቢው ሁሉ አብሮ ነው የሚታየው። ወንድሜ ደግሞ "በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና ልወልውላት፣ ትፈካለች" እያለ ነው፣ ለጊዜው ከልክዬዋለሁ። መርካቶ ያለ አንድ ነጋዴም ፍሬሙን ብቻ ልግዛችሁ ብሏል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እሷን እያየሁ ነው ያደግኩት። ማን እንደሆነች ሳላውቅ ከቤት እንድትወጣ አልፈልግም።

---

ቀለምና_ሸራ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ወንድምሽን አስቁሚው። ውሃ፣ ሳሙና፣ ሎሚ፣ አልኮል፣ የተቆረጠ ድንች፣ ዳቦ፣ ሰው ይሠራል ያለሽን ማንኛውንም ነገር አታስነኪ። የድሮ የዘይት ስዕል ብዙ ንብርብር አለው። ሸራው ላይ መጀመሪያ ሙጫ ይቀባል፣ በላዩ ነጣ ያለ መደብ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ። ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ሙጫውን ካገኘው ሸራው ይኮማተራል፣ ቀለሙም እየተቀረፈ ይወድቃል። አልኮል ደግሞ ቫርኒሹን ሲያሟሟ ከስሩ ያለውን ስስ ቀለም ይዞት ይሄዳል። መጀመሪያ የሚጠፋው ሰዓሊው መጨረሻ ላይ በስሱ ያስቀመጠው ነው፤ የጉንጯ ቅላት፣ የዐይን ሽፋኗ ጥላ፣ ሐሩ ላይ ያረፈው ብርሃን። ያ አንዴ ከሄደ ማንም አይመልሰውም። አሁን ጠቁሮ የምታዪው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቫርኒሹ ነው። በዕድሜ ብዛት ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ የቤት ጭስ ይጨመርበታል። እሱን በሥርዓት ማንሳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ እዚያ እስክትደርሱ ትቆይ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ማታ የቤቱን መብራት አጥፊና የስልክሽን መብራት ከስዕሉ ጎን አስጠግተሽ አብሪ። ፊት ለፊት አይሆንም፣ ከጎን ነው። በእጅ የተሳለ ከሆነ ብሩሹ የሄደበት መንገድ ይታይሻል። ብርሃን ያለበት ቦታ ላይ ቀለሙ ወፈር ብሎ ትንሽ ጥላ ይጥላል፣ ጨለማው ቦታ ላይ ስስ ይሆናል። ተራ ህትመት ከሆነ ሁሉም ቦታ እኩል ለጥ ያለ ነው። ግን ተጠንቀቂ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በድንጋይ ማተሚያ የተባዙ፣ የዘይት ስዕል እንዲመስሉ ላያቸው ሻካራ ተደርጎ ቫርኒሽ የተቀቡ ምስሎች አውሮፓ ውስጥ በብዛት ይሸጡ ነበር። እነሱ ላይ ሻካራው ከምስሉ ጋር አብሮ አይሄድም። ብሩሹ የአፍንጫዋን ቅርፅ ተከትሎ መዞር ሲገባው መስመሩ ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ያልፋል። አጉሊ መነፅር ካገኘሽ ጉንጯን እዪው፣ የቀለም ነጠብጣቦች ካሉ ህትመት ነው።

ከዚያ ገልብጪው። እኔ ስዕል ሲመጣልኝ ከፊቱ በፊት ጀርባውን ነው የማየው። ሸራ ነው፣ እንጨት ነው፣ ካርቶን ነው? የተወጠረው በምስማር ነው ወይስ በስቴፕለር? ስቴፕለር ከሆነ ወይ ሸራው አዲስ ነው ወይ በቅርብ ዘመን እንደገና ተወጥሯል። የእንጨቱ ማዕዘኖች ውስጥ ትናንሽ ሽብልቆች አሉ? ወረቀት ተለጥፎበታል? ማኅተም? በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር? ምንም አትላጪ፣ ፎቶ ብቻ አንሺ።

አንድ ደግሞ እዚሁ ከተማችን ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ መሣሪያ አለ። ሱቆች ብር የሚፈትሹበትን ሐምራዊ መብራት ተዋሺ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስታበሪበት የድሮ ቫርኒሽ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ያበራል። በኋላ ሰው የነካካው ቦታ ደግሞ ጠቁሮ ይወጣል። ዓይንሽን ብቻ ወደ መብራቱ አታድርጊ።

---

ቤቲ_ስፌት፦

እኔ ስለ ቀለም አላውቅም፣ ሥራዬ ልብስ ነው። ግን ሚሚዬ ያ የጻፍሽው እጅጌ ዘመኗን ቁጭ አድርጎ ይነግርሻል!

የአውሮፓ ሴቶች ቀሚስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምቆጥረው) ቶሎ ቶሎ ነው የተለዋወጠው። ክፍለ ዘመኑ ሲጀምር ወገቡ ከጡት ስር ነበር፣ ጨርቁ ስስና ብዙ ጊዜ ነጭ፣ ቀሚሱ ቀጥ ብሎ የሚወርድ። በ1820ዎቹ ወገቡ ወደ ትክክለኛ ቦታው ወረደ፣ እጅጌው ማበጥ ጀመረ። በ1830 አካባቢ እጅጌው ጣራ ነካ። ትከሻው ላይ ብዙ ሽብሽብ ተደርጎ ይያዛል፣ እንዳይወድቅም ውስጡ በላባ የተሞላ ትራስ ወይም ጠንካራ ጨርቅ ይገባበታል። ከ1836 ገደማ ጀምሮ በአንዴ ረገበ። በ1840ዎቹ እጅጌው ጥብቅ ነው፣ ወገቡ ፊት ለፊት ሾጠጥ ይላል፣ ፀጉሩም ጆሮን ሸፍኖ ለጥ ይላል። ከዚያ በ1850ዎቹ ያ ትልቁ ክብ ቀሚስ መጣ። የተነፋ እጅጌ በ1890ዎቹ ተመልሷል፣ ግን ያኔ ቀን ቀን የሚለበሰው አንገት ድረስ የተዘጋ ነበር፣ የፀጉሩም አሠራር ሌላ ነው። አንቺ የጻፍሽው ጆሮ ጋ የተጠቀለለና አናት ላይ የቆመ ጉንጉን ከ1830 አካባቢ እጅጌ ጋር ነው የሚሄደው። ስለዚህ እኔ ከ1828 እስከ 1836 ባለው ውስጥ ነው የማስቀምጣት።

ሌላው "ምንም አላደረገችም" ያልሽው ላይ አልስማማም። እንደዚያ ያለ እጅጌ ጥንድ ብቻውን ስንት ክንድ ሐር እንደሚበላ የሰፋ ሰው ያውቀዋል። በዚያ ላይ እንደዚህ ለብሶ ክንድን ከትከሻ በላይ ማንሳት አይቻልም። ያንን ቀሚስ የለበሰች ሴት ውሃ አትቀዳም፣ እሳት አታነድም፣ ለብቻዋም አትለብሰውም፣ የሚያለብሳት ሰው አላት ማለት ነው። ሀብቱ ያለው እዚያ ነው።

---

የታሪክ_ተማሪ፦

ቤቲ በጣም ጥሩ ብለሻል። እኔ ስለ ሀገሩ ልጨምር፣ ምክንያቱም የስዕሉ ቀላልነት ከዴንማርክ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ዴንማርክ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የጀመረችው በመከራ ነው። በ1807 እንግሊዞች ኮፐንሃገንን በመድፍ ደበደቡ፣ መርከቦቿንም ወሰዱባት። በ1813 መንግሥቱ ከሰረ። በ1814 ለዘመናት አብራት የኖረችውን ኖርዌይን አጣች። በዚህ ሁሉ መሀል ግን የዴንማርክ ስዕል ወርቃማ ዘመን የሚባለው መጣ፣ እስከ 1850 አካባቢ የዘለቀው። ገንዘብ ስለሌለ የቤተ መንግሥት አዳራሽ የሚሞላ ትልቅ ስዕል የሚያዝ ጥቂት ነው። ያለው የሚያዝዘው ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትንሽ የሰው ምስል ነው። ነጋዴው፣ ቄሱ፣ ሐኪሙ ያዝዛል። መኳንንቱም ቢሆኑ በዚያው ልክ መሳል ጀመሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ወይዘሮዋ በመጋረጃና በአምድ መሀል ትቆም ነበር። በ1830ዎቹ የካውንት (ከፍተኛ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ልጅና የነጋዴ ልጅ ስዕላቸው ጎን ለጎን ቢቀመጥ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት ይከብድሻል። ለኔ የዚያ ዘመን ትልቁ ውበት ይሄ ነው። ሰዓሊው የሰጣት ክብር ፊቷን በትዕግሥት ማየቱ ነው።

የዘመኑ መምህር ክሪስቶፈር ቪልሄልም ኤከርስቤርግ ነው። ፓሪስ ፈረንሳዊው ሰዓሊ ዣክ ልዊ ዳቪድ ዘንድ ተማረ፣ ከ1813 እስከ 1816 ሮም ኖረ፣ በ1818 በኮፐንሃገን የሥነ ጥበብ አካዳሚ ፕሮፌሰር ሆነ። ተማሪዎቹን ያየኸውን እንዳየኸው ሳል እያለ ነው ያሳደጋቸው። ራሱም መኳንንት ስሏል፣ በ1817 ካውንት ፕሬበን ቢለ ብራሄን ከሁለተኛ ሚስቱ ጋር የሳለው ይታወቃል። ለሚሚ ስዕል መጠን ግን እኔ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ክርስቲያን አልብሬክት የንሰን ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ የሰው ምስሎች ሠርቷል። ቀለሙ ሳይደርቅ በላዩ ሌላ ቀለም እየጨመረ በፍጥነት ነው የሚሠራው፣ ሐርና ዳንቴል በጥቂት የብሩሽ ምት ያወጣል። ሁየን የሚባል በዘመኑ ትልቅ ተሰሚነት የነበረው የሥነ ጥበብ ምሁር ሥራው ያላለቀ ይመስላል እያለ ይነቅፈው ስለነበር ሀገሩ ውስጥ ሥራ ቀነሰበት፣ እስከ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ ሳለ። ዛሬ የሚወደደው በዚያው በተነቀፈበት ነገር ነው። የአንቺ ስዕል የእሱ ነው እያልኩ አይደለም፣ ማንም ከስልክ ላይ እንዲህ ብሎ መናገር አይችልም። ግን ለማነፃፀር እሱን እዪው። የዴንማርክ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥራዎቹን በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል።

አሁን ወደዚያች ሪባን። እኔን ያስደነቀችኝ እሷ ናት። የዴንማርክ ታዋቂ ኒሻን ዳነብሮግ ነው፣ ለሴቶች መሰጠት የጀመረው ግን በ1951 ነው። ስለዚህ በ1830ዎቹ ወጣት ሴት ደረት ላይ እሱ ሊሆን አይችልም። ሌላ ነገር ግን አለ። ዴንማርክ ውስጥ ላላገቡ የመኳንንት ሴቶች የተቋቋሙ ቤቶች ነበሩ። በሮስኪልደ በ1699 የተመሠረተ አለ፣ በቫሎ ደግሞ ንግሥት ሶፊ ማግደሌነ በ1737 ያቋቋመችው አለ። እንደ ገዳም ይጠሩ እንጂ ምንኩስና የለባቸውም፣ ሀገሩ ሉተራን ነው። አባት ልጁን ገና ሕፃን ሳለች ገንዘብ ከፍሎ ያስመዘግባታል፣ ሳታገባ ከቀረች ቤትና የዓመት መተዳደሪያ ታገኛለች፣ ካገባች ይቀርባታል። የእነዚህ ቤቶች ሴቶች በሪባን የሚታሰር ምልክት ነበራቸው። ያቺ ትንሽ ነገር እሷ ከሆነች ስለ ሴትየዋ ማንነት ከዘውድ የበለጠ ትነግርሻለች። አንዳንዶቹ ቤቶች የከፍተኛ ባለሥልጣን ልጆችንም ይቀበሉ ስለነበር የዘር ማረጋገጫ አድርገሽ ብቻዋን አትያዢያት።

ስለ ማዕረጉም አንድ ነገር። የካውንትና የባሮን ማዕረግ ዴንማርክ ውስጥ የገባው በ1671 ነው፣ በንጉሥ ክርስቲያን 5ኛ። የእኛ ራስና ደጃዝማች ንጉሡ የሚሾመው ነው፣ የአባት ሹመት ለልጅ በቀጥታ አይተላለፍም። የእነሱ ግን በዘር ይወርዳል፣ ልጆቹም መጠሪያ አላቸው። የ1849ኙ ሕገ መንግሥት የመኳንንቱን ልዩ መብት አስቀረው። ሴትየዋ በ1830ዎቹ ወጣት ከነበረች ያንን ለውጥ በዓይኗ አይታ ሊሆን ይችላል።

---

አቤል_ስድስት_ኪሎ፦

እኔ የማልስማማበት ነገር አለ፣ በቅንነት ነው የምናገረው። ለአንዲት የማናውቃት የዴንማርክ ባላባት ይሄን ሁሉ እያሰብን የራሳችን አያቶች ፎቶ ስንት ቤት ውስጥ ሳጥን ስር እየበሰበሰ ነው? ፒያሳ ሲፈርስ ስንት የቤተሰብ አልበም፣ ስንት የድሮ ስዕል የትም ተጥሎ እንደቀረ ያየ ያውቀዋል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ ያሉትን የእኛን ስዕሎች ሄዶ ያየው የከተማው ሰው ጥቂት ነው። ሚሚ፣ ስዕሉ እውነተኛ ከሆነ ሽጪውና በገንዘቡ የአባትሽንና የእናትሽን ፎቶዎች በሥርዓት አሳትመሽ፣ አሳምረሽ ስቀዪ። የዴንማርክን የዴንማርክ ሰው ይጠብቀው።

---

ቀለምና_ሸራ፦

ወንድሜ አቤል፣ ስለ አልበሞቹ ያልከው እኔንም ያመኛል። ግን አንዱን መጠበቅ ሌላውን መጣል አይደለም። ይሄ ስዕል ፒያሳ ሳሎን ውስጥ ኖሯል፣ ልጆች እያዩት አድገዋል። አሁን የሚሚ ቤተሰብ ታሪክም ነው።

የሙያውንም ነገር አስብ። ሰዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በእኛ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከከፈቱ ጀምሮ ልጆቻችን የሰው ፊት በዘይት ቀለም ይማራሉ። እኔም አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ስዕል የሚያዩት በስልክ ነው፣ ስልክ ላይ ደግሞ የቀለሙ ውፍረት አይታይም። የሰው ቆዳ ከስር ቀዝቀዝ ባለ ግራጫ ተጀምሮ በላዩ ሞቅ ያለው ቀለም ሲሄድ ምን እንደሚሆን በዓይንህ ካላየኸው በወሬ አይገባም። አንድ እውነተኛ ሥራ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ክፍል ውስጥ ለአንድ ከሰዓት ብናስቀምጠው ለልጆቹ ብዙ ወር ትምህርት ነው።

የእናትሽንም ጥያቄ ልመልስ፣ ሚሚ። በቤተ ክርስቲያን ስዕላችን ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በአንድ ዓይን በጎን ይሳላል፣ ስለዚህ እናትሽ ዞር ያለ ፊት ቢከብዳቸው እውነት አላቸው። እነሱ ጋ ግን ፊት ትንሽ ዞር ሲል የአፍንጫውና የጉንጩ ቅርፅ በጥላ ይወጣል፣ ሁለቱም ዓይን ደግሞ ይቀራል። ንቀት አይደለም። ይሄን ንገሪልኝ።

---

ሚሚ_ፒያሳ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላችሁትን አደረግኩ።

ከጎን ሳበራባት እጅጌዋ ላይ ያለው ብርሃን ከፍ ብሎ ወጣ! ብሩሹ የእጅጌውን ሽብሽብ ተከትሎ ይዞራል። ግንባሯ ላይ ቀለሙ ስስ ነው፣ ነጠብጣብ የለም። ሐምራዊው መብራት ሰፈራችን ካለ ሱቅ ተገኘ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ፣ ከጆሮዋ በላይ ብቻ ጥፍር የምታህል ጥቁር ቦታ አለች። ጀርባው ሸራ ነው፣ በዛገ ምስማር ነው የተወጠረው፣ ማዕዘኖቹ ላይ ሽብልቆቹ አሉ፣ አንዱ ጎድሏል። እንጨቱ ላይ ግማሹ የተቀደደ ወረቀት አለ። ጽሑፉ ቀጭን ነው፣ "ኮምቴሴ" የሚነበብ ቃል አለ፣ ቀጥሎ ያለው ስም ከቅዳዱ ጋር ሄዷል። ከስሩ በ183 የሚጀምር ዓመተ ምሕረት አለ፣ አራተኛው ቁጥር 3 ይሁን 8 መለየት አልቻልኩም። የሰዓሊ ፊርማ ፈልጌ አጣሁ። ሪባኗ ጋ ሳጎላው ደግሞ መስቀል ትመስላለች።

---

ቤቲ_ስፌት፦

3 ናት! በ1838 ያ እጅጌ የለም፣ ረግቧል። ወይም ያረጀ ቀሚስ ለብሳ ነው የምትሳለው፣ እሱ ደግሞ ለካውንት ልጅ አይመስለኝም።

---

የታሪክ_ተማሪ፦

ኮምቴሴ ማለት ያላገባች የካውንት ልጅ ናት፣ ካገባች ግሬቪንደ (የካውንት ሚስት) ወይም የባሏ ማዕረግ ይሆን ነበር። ካላገባች ሴት፣ ከሪባኗና ከመስቀሏ ጋር ሲደመር ነገሩ ይገጥማል። ሆኖም ወረቀቱን ማን መቼ እንደለጠፈው አይታወቅም፣ ብዙ ጊዜ ወራሾች ናቸው የሚለጥፉት። ሌላም ነገር አስቢ፣ ያኔ ፎቶ ስላልነበረ አንድ ጥሩ ምስል ሲሠራ ለእህትና ለወንድም ቅጂ ይታዘዝ ነበር። ስለዚህ የዘመኑ ሥራ ሆኖም ቅጂ ሊሆን ይችላል፣ ፊርማ አለመኖሩም ያን ያህል አያስደንቅም።

አሁን የሚጻፈው ለፍሬደሪክስቦርግ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ነው። ቤተ መንግሥቱ በ1859 ተቃጠለ፣ በኋላ የካርልስበርግ ቢራ ባለቤት ያኮብ ክርስቲያን ያኮብሰን በ1878 ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም አቋቋመበት። የሀገሪቱ የሰው ምስል ስብስብ ያለው እዚያ ነው። የቫሎም ቤት ዛሬም ስላለ ስለ መስቀሏ እነሱንም መጠየቅ ይቻላል። ሙዚየሞች ዋጋ አይነግሩሽም፣ ስለ ማንነቷ ግን ይመልሱልሻል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አጭርና ግልጽ ደብዳቤ ይበቃል። አባትሽ ከማን እንዳገኘውም ጻፊ፣ የሰውዬውን ስም እናትሽ ካስታወሱ እሱ ትልቅ ፍንጭ ነው፣ ምናልባት የራሱ ቤተሰብ ናት።

---

አቤል_ስድስት_ኪሎ፦

ሽጪ ያልኩት ይቅር፣ መልሳቸውን እዚህ ለጥፊልን። የአልበሙን ነገር ግን አትርሺው።

---

ቀለምና_ሸራ፦

ሚሚ፣ ፍሬሙን ለነጋዴው አትስጪ። የዘመኗ ፍሬም ከሆነ የስዕሉ አካል ነው፣ ስዕሉም ያለ ፍሬም ጠርዙ ይጎዳል። የጎደለውን ሽብልቅ ራሳችሁ በመዶሻ አትምቱ። ከሀገር ለማውጣት ከታሰበ መጀመሪያ የቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ከቶ መሄድ የለም።

እስከዚያው ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ጥግ አትስቀሏት፣ የከሰል ጭስ ቫርኒሽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የውጭ ግድግዳም አይሆንም፣ በክረምት እርጥበት ይይዛል፣ ሸራው ይረግባል፣ በበጋ ተመልሶ ይወጠራል፣ በዚህ መሀል ቀለሙ ይሰነጠቃል። በላስቲክም አትጠቅልሏት። ከመስኮት ራቅ ባለ የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ በሁለት ጠንካራ ምስማር።

ለሙዚየሙ ፎቶ ስታነሺ ደግሞ ቀን ላይ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ይሁን። ሙሉ ፊቱን፣ ሙሉ ጀርባውን፣ ወረቀቱን፣ መስቀሏን፣ ያቺን ጥቁር ቦታ ለየብቻ። አጠገቧ የስፌት ሜትር ዘርግተሽ አንሺ፣ መጠኑን ከመዝገባቸው ጋር የሚያስተያዩት በሱ ነው።